ሐረጎ ላይ የሚያልቅ ፍሪሲዮን

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ የሚገባ መኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በሁለቱ ከተሞች መሀል፣ ሐረጎ ላይ፣ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ከፊት የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ይጎተታል፤ ከኋላ ሚኒባስ ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ ጭጋግ የወረደ ቀን ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይቆማል። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት የሚፈተነው እዚህ ነው። ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያገናኘውና የሚለየው ዕቃ፣ ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ አይደለም የሚያልቀው። በእንዲህ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚበላው።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር እየደጋገመ ስለሚያሳዝነኝ ነው። መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ካምቢዮ ይወርዳል፣ አዲስ ሸራ (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ይታሰራል፣ በዓመቱ ያው መኪና ያው በር ላይ ይቆማል። ሸራውን ቀየሩት እንጂ ሸራውን ምን እንደበላው አልጠየቁም። የፍሪሲዮን ሥራ ልፋቱ ካምቢዮውን ማውረዱና መልሶ መስቀሉ ነው። አንዴ ከወረደ በኋላ ቀሪው ጥቂት ብሎን ነው። ስለዚህ ካምቢዮ የወረደበት ቀን ሁሉም ነገር የሚታይበት ቀን ነው፤ ያ ቀን ካለፈ ሌላ ዕድል የለም።

በስሞቹ እንግባባ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ቃላት ናቸው። ቮላኖ ሞተሩ ጀርባ ላይ የታሰረው ከባዱ ክብ ብረት ነው፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይሽከረከራል። ፕሬዠር ፕሌቱ ቮላኖው ላይ በብሎን ይታሰራል። በሁለቱ መሀል ሸራው ይገባል፤ ሸራ ስል ዲስኩን ሙሉውን ማለቴ ነው፣ ጋራዥ ውስጥም እንደዚያው ነው የሚጠራው። የሸራው እምብርት ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ወደ ካምቢዮ በሚገባው ዘንግ ላይ ይሰካል። ፔዳሉን ስንረግጥ ሹካው የፍሪሲዮን ኩሽኔታውን (ቤሪንጉን) ይገፋል፣ ኩሽኔታው የፕሬዠር ፕሌቱን የብረት ጣቶች ይጫናል፣ ፕሌቱ ሸራውን ይለቃል። ስንለቅ መልሶ ይነክሰዋል። በመልቀቅና በመንከስ መካከል ያለችው ሰዓት፣ ግማሽ ፍሪሲዮን የምንላት፣ ሸራው የሚፋቅባት ሰዓት ናት። ያለ እሷ መኪና አይነሳም። ጥያቄው ለስንት ሰከንድ ነው የሚለው ነው።

ወሎ ላይ ይቺ ሰዓት ትረዝማለች፤ ምክንያቱ ዳገቱ ብቻ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የቆመች አሮጌ ኮሮላ እንግዲህ ከጉልበቷ ሩቡን ያህል ቆላ ትታ ነው የመጣችው። ሹፌሩ ይህን አያሰላውም፣ እግሩ ግን ያውቀዋል፤ እንዳይጠፋበት ነዳጅ ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑን ያዘገየዋል። ዝቅ ብለው በሚገኙት ከሚሴ ወይም ባቲ ላይ ቶሎ የሚነሳ መኪና ደሴ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል። በቀን ሃምሳ ጊዜ ለሚነሳ ታክሲ ያንን አባዙት።

የሹፌር ጥፋት ከሚባሉት ሁሉ አንደኛው ዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮን ማቆም ነው። ትራፊክ ይይዛል ወይም ተሳፋሪ ይወርዳል፤ ሹፌሩ ፍሬን ሳይረግጥ፣ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን ቀጥ ያደርገዋል። ሲታይ ጥበብ ይመስላል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ውስጥ ግን ቮላኖው እየሮጠ ሸራው ቆሟል፤ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ሸራው ላይ ያርፋል። ግማሽ ደቂቃ እንዲህ መያዝ ከብዙ ንጹሕ አነሳስ የበለጠ ይበላል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ደግሞ ሙቀቱ ሸራውን የያዘውን ማጣበቂያ መብላት ጀምሯል ማለት ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የእጅ ፍሬን ስቦ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መጠበቅ። ሲነሱ አንደኛ አስገብቶ፣ የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ብድግ እስኪል ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፣ ያኔ የእጅ ፍሬኑን ማውረድ። የእጅ ፍሬኑ ካልያዘ መጀመሪያ እሱን ማሠራት ነው። የላላ የእጅ ፍሬን ፍሪሲዮን ይበላል ስል ብዙ ሰው ግንኙነቱን አያየውም፤ ቀጥተኛ ነው።

ሁለተኛው እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳት ነው። የእግር ክብደት ብቻ ኩሽኔታውን ጣቶቹ ላይ ያስደግፈዋል፤ ኩሽኔታው ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል፣ ፕሌቱም ሙሉ በሙሉ አይነክስም። ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ መነሳትም ያው ነው። ሲሚንቶ ወይም ጤፍ የጫነ መኪና ዳገት ላይ ሁልጊዜ በአንደኛ ነው የሚነሳው።

ቁልቁለቱ ሌላ አደጋ አለው፤ ይህን ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ሐረጎን በዜሮ ወይም ፍሪሲዮን ረግጦ የሚወርድ አለ። መጀመሪያ ነገር ሞተሩ መኪናውን መያዙን ያቆማል፣ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። ፍሪሲዮን ረግጦ በዝቅተኛ ማርሽ መውረዱ ግን የራሱ መዘዝ አለው። ሸራው የሚሽከረከረው በጎማው ፍጥነት ነው። ትንሽ የቤት መኪና አንደኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ እንደተረገጠ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢንደረደር፣ ሸራው በደቂቃ ወደ 8,000 ዙር ይደርሳል። ሞተሩ ራሱ በዚያ ፍጥነት ዞሮ አያውቅም። እንዲህ ሸራው ተበጣጥሶ ካምቢዮ ቤቱ ውስጥ የሚበተንበት ጊዜ አለ። በማርሽ ውረዱ፣ እግሩም ከፔዳሉ ይነሳ።

ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ የተያዘ መኪናን በግማሽ ፍሪሲዮን ወደፊት ወደኋላ ማወዛወዝ ሸራን በአንድ ከሰዓት ሊጨርስ ይችላል። አካፋና ድንጋይ ይቀድማል። ፎር ባይ ፎር ከሆነ ሎው (ዝቅተኛው ማርሽ) ይገባ። ወንዝ ሲሻገሩም መሀል ላይ ፍሪሲዮን አይረገጥም፤ ውሃና ደለል ሸራው መሀል ይገባል።

አሁን ምልክቶቹን እንይ፤ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ብዙ ነገር በእግርና በጆሮ ይታወቃል። ሸራው መንሸራተቱን ለማወቅ ለዘብ ያለ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ከ50 እስከ 60 እየሄዱ ነዳጁን ሙሉ መርገጥ ነው። የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ ወጥቶ መኪናው ካልተከተለው ሸራው ይንሸራተታል። ማርሽ በተለይም የኋላ ማርሽ እየጮኸ ከገባ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ አይለቅም። እዚህ ላይ ሸራ ቀይሩ የሚል ካለ ቆም በሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከካምቢዮው ውጭ ነው። የፔዳሉን ግፊት በዘይት የሚያስተላልፈው የላይኛው ወይም የታችኛው ፍሪሲዮን ፖምፓ ጎሚኒ (ውስጡ ያለው ላስቲክ) አልቆ ይሆናል፣ ዘይቱ ጎድሎ ወይም አየር ገብቶ ይሆናል፣ ገመድ ያለው መኪና ከሆነ ገመዱ ተስቦ ይሆናል። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረግጡት ማርሹ በደህና ከገባ ነገሩ ፖምፓና አየር ነው። ያለ ምክንያት ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም።

ድምፅን በተመለከተ፣ ሞተሩን አስነስቶ በዜሮ ማርሽ ማዳመጥ ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ የሚመጣ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው። ሳይረገጥ የሚጮህ፣ ሲረገጥ ግን ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሁለተኛውን ፍሪሲዮን በመቀየር ማዳን አይቻልም። ካምቢዮው ለፍሪሲዮን ሲወርድ እሱንም አብሮ ማሠራት ብልህነት ነው።

የፔዳሉ መዛል፣ ማለትም ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት በነፃ የሚወርደው፣ በብዙ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። በጣት ተጭኖ በማስመሪያ ይለካል። ምንም መዛል ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተጭኗል፤ አዲስ ሸራ ቢገባም ይንሸራተታል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ እየተረሳ ስንቱን ሸራ ጨርሷል።

ካምቢዮ ሲወርድ የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ባትሪው ይነቀላል፣ የካምቢዮ ዘይቱ ይቀዳል (ትንንሾቹ ላይ 2 ሊትር ገደማ ነው)፣ ሁለቱ የጎማ ዘንጎች ይወጣሉ፣ ሞተሩ ከላይ ይንጠለጠላል ወይም ከታች በክሪክና በእንጨት ይደገፋል። እንደ ሃይሉክስና ሃይየስ የኋላ ጎማ የሚነዱት ላይ ረጅሙ ዘንግ ከመፈታቱ በፊት ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በጠመኔ ወይም በቀለም መስመር ይሰመር፤ በዚያው ቦታው ካልተመለሰ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የታችኛው ፖምፓ ቱቦው ሳይፈታ ወደ ጎን ይታሰር፤ እሱ ወጥቶ ሳለ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ፣ ረዳቱም ይነገረው፤ ፒስተኑ ተተፍቶ ይወጣል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሰው ከሥሩ መግባት የለበትም። የብረት መደገፊያ ይግባ፣ ጎማዎቹም ታኮ ይደረግባቸው፤ ደልዳላ ቦታ እንደ ልብ በማይገኝበት በደሴ ደግሞ ከየትም በላይ።

ውስጡ ሲከፈት የሚወጣው ጥቁር አቧራ በኮምፕሬሰር አይነፋ። አሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም ይጣል።

እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት የሚያስፈልገው። አሮጌውን ሸራ ወደ ብርሃን አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ባለመኪናው ከፊት ለፊት ቆሞ ቢያየው መልካም ነው፤ ጥሩ መካኒክ ራሱ ይጠራዋል፣ «ጋሼ፣ ና እይ፣ ይኸው የበላህ» ብሎ። ሸራው በሁለቱም ፊት እኩል ሳስቶ፣ ከሚስማሮቹ ራስ በላይ የቀረው ከ0.3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ዕድሜውን ጨርሶ ነው የሞተው፤ ማንንም አይወቅስም። ጠርዙ ተፈርፍሮ፣ ፊቱ ብርጭቆ የመሰለ ከሆነ ተቃጥሏል። ያኔ ቮላኖው ላይ ዓይን ይጣል። ሰማያዊ ነጠብጣብ ይታያል፤ ብረት ሰማያዊ የሚለው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ነው። ያ ሰማያዊ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን የቆመ መኪና ፊርማ ነው። ሸራው እርጥብና ጥቁር ከሆነ ዘይት ነክቶታል፣ ዘይቱም ከየት እንደመጣ ማወቅ ግድ ነው። የሞተር ዘይት ከሆነ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ነው፤ ቮላኖው ተፈትቶ ነው የሚቀየረው። የካምቢዮ ዘይት ከሆነ ሽታው ጠንካራና የሚሰነፍጥ ነው፤ የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ ነው። ፓራኦሊዮ ትንሽ ጎማ ናት፣ ዋጋዋ ከሸራው ጋር አይወዳደርም፤ እሷን ትቶ አዲስ ሸራ ማሰር አዲሱን ዘይት መቀባት ነው።

የሸራው መሀል ላይ ያሉት ሞላዎች ከተላቀቁ ወይም ከተሰበሩ ሹፌሩ ፍሪሲዮን በድንገት ይለቃል ማለት ነው። ወይም ባለፈው ሲታሰር ካምቢዮው ሸራው ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቷል። የፕሬዠር ፕሌቱ ጣቶች ጫፍ ላይ ጉድጓድ ከተፈጠረ ደግሞ እግር ፔዳል ላይ ይኖራል፣ ወይም ኩሽኔታው ደርቋል። ቶዮታ ለጣቶቹ የሚፈቅደው ጥልቀት እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው።

ቮላኖው ላይ ጥቁር ብቻ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል። ጥልቅ ስንጥቅ ያለው ይለወጣል፤ ፊቱ ላይ ብቻ የሰነጣጠቀ፣ ወይም ሲሽከረከር ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወላገድ ከሆነ ብረት ወደሚላጭበት ቶርኖ ቤት ይሂድ። ቮላኖው ደረጃ ያለው ከሆነ፣ ማለትም ሸራ የሚነካው ፊትና ፕሌቱ የሚታሰርበት ፊት ቁመታቸው የተለያየ ከሆነ፣ አንዱ በተላጨው ልክ ሌላውም ይላጫል። ይህ ሲረሳ አዲስ ፕሌት ሙሉ ኃይሉ ሳይደርስ ይቀራል፣ አዲስ ሸራም ይንሸራተታል። የአዳዲስ ናፍጣ መኪናዎች ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ግን ቶርኖ አይገባም፤ ካለቀ ይለወጣል።

ዕቃ ሲገዛ ሸራ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ አንድ ላይ ይገዙ። ሸራውን ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም፤ የደከመ ሞላ አዲሱን አይነክሰውም። ኤክሰዲ፣ አይሲን፣ ቫሌዮ፣ ሳክስ የሚባሉት ስም ያላቸው ናቸው፣ ስማቸውም ስለሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ገበያው ውስጥ አለ። ካርቶኑ ሳይሆን ዕቃው ይታይ። አሮጌውን ይዞ ሄዶ አዲሱን ከላዩ ላይ ማስቀመጥ፣ ስፋቱን መለካት (ትንንሽ ቶዮታዎች ላይ 200 ወይም 212 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው)፣ የእምብርቱን ጥርስ መቁጠር፣ የቶዮታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ 21 ነው። ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ከመታሰሩ በፊት ሸራው ዘንጉ ላይ ይሞከር፤ ያለ ጉልበት መንሸራተት አለበት፣ መወዛወዝ የለበትም።

ሲታሰር እጅ ንጹሕ ይሁን። የአዲሱ ፕሌት ፊት ዝገት መከላከያ ቅባት አለበት፤ በፍሬን ማጽጃ ተጠርጎ ይድረቅ። የሸራው ፊት አይገለበጥ፤ ወደ ቮላኖ የሚሄደው ፊት ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል፣ ካልተጻፈበት የሞላዎቹ ጉብታ ወደ ካምቢዮ ነው። ተገልብጦ ከታሰረ እምብርቱ ከቮላኖው ብሎኖች ጋር ይጋጫል፣ ፍሪሲዮኑም አይለቅም። ግሪስ የዘንጉ ጥርስ ላይ እንደ ፊልም በስሱ ይቀባል፤ የተረፈው ይጠረጋል፤ ምክንያቱም ሲሽከረከር ሄዶ የሚያርፈው ሸራው ላይ ነው። ሹካው የሚያርፍበት ቦታም ትንሽ ያስፈልገዋል። ኩሽኔታው ግን በቤንዚን አይታጠብ። ግሪሱ ውስጡ የታሸገ ስለሆነ ከታጠበ ደርቆ ይቀራል።

ሸራው መሀል ላይ በማስተካከያው ዘንግ ይያዝ፤ ከሌለ አሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ያገለግላል። የፕሌቱ ብሎኖች በመጀመሪያ ሁሉም በጣት፣ ከዚያ በማዶ ለማዶ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱ በየተራ ግማሽ ዙር ይጠበቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ እጅ ፕሌቱን ያጣምመዋል፣ መኪናውም ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻው ጥብቀት በብዙ ቶዮታዎች 19 ኒውተን ሜትር ነው፤ በረጅም ቁልፍና በሙሉ ጉልበት የሚደረግ አይደለም።

ካምቢዮው ሲገባ በትክክል ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ክብደቱ ሸራው ላይ አይንጠልጠል። ከሞተሩ ጋር ሳይገጥም ክፍተት ከቀረ በብሎን እየሳቡ ማስገባት ቤቱን ይሰነጥቀዋል። ዘንጉ ጥርሱን አላገኘም፤ በአምስተኛ ማርሽ አድርጎ ከኋላ ዘንጉን ትንሽ ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሰው ሲደክምና ሲመሽ የሚሠራው ስህተት እዚህ ጋ ነው፤ ያኔ «አብሽር፣ ነገ ጠዋት» ማለት ይሻላል።

ፖምፓው ከተነካ አየር ይወጣል። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ ረዳቱ ጋቢና፣ መካኒኩ ሥር። «ርገጥ! ያዝ!» ይላል ከሥር። «ይዣለሁ ጋሼ!» ይላል ከላይ። ማስወጫው ይከፈታል፣ አየር ያለበት ዘይት ይወጣል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልቀቅ!» ይባላል። ማስወጫው ሳይዘጋ ፔዳል ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዶት 3 ወይም ዶት 4 መጠቀም ነው እንጂ የሞተር ዘይት አንድ ጠብታ ቢገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቀለሙን ስለሚልጥ ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

አዲስ ሸራ ለመልመድ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ ከተማ ውስጥ በለዘብታ መነሳትና መቆም ያላምደዋል። በዚያ ጊዜ ከባድ ጭነት፣ መጎተት፣ የወልድያ–ድልብን ዳገት ተጭኖ መውጣት ይቅር። ግዴታ ከሆነና ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት ካስፈለገ ባዶውን፣ ጠዋት መንገዱ ሳይጨናነቅ ይሁን። ሐረጎ ላይ ትራፊክ ከያዘ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ እግሩ ከፔዳሉ ይውረድ። ከኋላ ያለው ጥሩምባ ቢያሰማም ይጠብቅ።